የነቀልኩት እሬት

በነቀምት ከተማም ሆነ በዲጋና በጉቴ በኩል፣ በድንጋይ ላይ የተጻፈ የሟች ስም ያየ ሰው የእኔን እጅ አይቷል። ለመመጻደቅ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሌሎች ጠራቢዎችም ነበሩ። የእነሱን ፊደል በአራተኛው ክረምት ዝናብ ይልሰዋል። የእኔ ፊደል ውስጥ ግን ዛሬም ሰው ሄዶ ጣቱን ቢያስገባ ጥፍሩ እስኪሸሸግ ይገባለታል።

አሁን መሮዬን ሰቅያለሁ። የቀኝ እጄ አንጓ መዶሻ አላነሣም ብሏል። ሰዉም በሲሚንቶ ለስኖ በቀለም ማስጻፍ ጀምሯል። ቀለም ሁለት በጋ ፀሐይ ሲመታው ምን እንደሚሆን እነሱው ያዩታል። እኔ በንጉሡ ዘመን የሠራሁትን ሥራ፣ ያጠፋሁትንም ጥፋት፣ ራሴ ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ። ሌላ ሰው ቢጽፈው ሥራዬን ያሳንሰዋል፤ ጥፋቴንም ለይሉኝታ ብሎ ያልፈዋል።

ማንም አላስተማረኝም። አባቴ ከጎጃም ቡና ሊገዛ በቅሎ እየነዳ መጥቶ ነቀምት የቀረ ነጋዴ ነበር። እኔ ገና የወተት ጥርሴን ሳልጨርስ ሞተ። እናቴ በየሳምንቱ መቃብሩ ላይ ስታለቅስ፣ እኔ አጠገቡ ያለውን የአንድ ፊታውራሪ ድንጋይ በጣቴ እየተከተልኩ እጫወት ነበር። በቅጥሩ ለሚያልፍ ዲያቆን ሁሉ “ይሄ ምን ይባላል?” እላለሁ። አንዱ አንድ ፊደል፣ ሌላው ሌላ ፊደል ይነግረኛል። እናቴ ሐዘኗን ስትጨርስ እኔ የፊታውራሪውን ድንጋይ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

የአባቴ መቃብር ላይ ግን የሚነበብ አልነበረም። ጢሜ ሳይበቅል ከአንድ ግንበኛ የተሰበረ መሮ ለምኜ የአባቴን ስም ጻፍኩ። ጠማማ ነበር፤ ግን ስም ነበር። ያን ቀን ልቤ ውስጥ አንድ ሐሳብ ገብቶ ተቀመጠ፤ ስሙ ያልተጻፈለት ሰው እንዳልነበረ ነው የሚል። በዚህ ሐሳብ እንጀራ በላሁ። በዚሁ ሐሳብም ሰው በደልኩ።

መጀመሪያ ከግንበኞች ጋር ድንጋይ አቅራቢ ሆኜ ሠራሁ። ድንጋይ በጆሮ እንደሚመረጥ ያወቅሁት ያኔ ነው። ጤነኛው በመዶሻ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው እንደ በሰበሰ እንጨት ዱብ ይላል። ቀጥሎ ዲጋ ወረድኩና የአንድ ባለርስት ቤተሰብ መቃብር ሙሉውን ጻፍኩ። ጉቴ ሁለት በጋ ሠራሁ። የፊደል እግር ሲጠረብ ከታች ወደ ላይ ነው የሚኬደው፤ ከላይ ከጀመሩት እግሩ ይሰበራል። “ጠ” ሦስት እግር ስላለው ጠራቢ ሁሉ ይፈራዋል። እኔ መካከለኛውን እግር አስቀድሜ እጨርሰውና ግራና ቀኙን በእሱ ልክ አወጣለሁ። ይህን ከማንም አልሰማሁትም፤ ስድስት ድንጋይ ሰብሬ ነው ያገኘሁት።

ስሜ ሲወጣ የከተማው ሰዎች ያቋቋሙት የመቃብር ማኅበር አስጠራኝ። በከተማው ዳር ባለው ኮረብታ ላይ፣ የሚስዮን አማኞችና ከሩቅ መጥተው የሞቱ ሰዎች የሚቀበሩበት ቦታ ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ ባላምባራስ ውብሸት “ጠራቢም ጠባቂም ትሆናለህ” አሉኝ። ደሞዙ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ቅጥሩ ግን የእኔ ሆነ።

እዚያ የቆየ ቆፋሪ አገኘሁ፤ ኦቦ ጃለታን፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ ማለት ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ማንበብ አይችሉም። ሥራቸውን ግን እንደ እሳቸው የሚያውቅ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ይህን የምለው እኔ ነኝ።

መቆፈር ከመጀመራቸው በፊት ጫማቸውን አውልቀው ቦታው ላይ ቁጭ ይላሉ። ሣሩን በአካፋ ከነሥሩ ይቆርጡና ጥላ ሥር ይደረድሩታል። ከዚያ ቀዩን የላይ አፈር በቀኝ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን የታች አፈር በግራ ይከምራሉ። ሲመልሱም የታቹን ለታች፣ የላዩን ለላይ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፦

“ሰው ቤትህ ገብቶ አልጋህን ጣሪያ ላይ ቢሰቅለው ደስ ይልሃል?” አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሟች ሁለት ጊዜ ነው የሚቀበረው ይላሉ፤ አንዴ በሰው ፊት፣ አንዴ ከዝናብ በኋላ። ዝናብ ሲመታው መቃብር ይሰምጣል። ለቀስተኛው ሁሉ ሲረሳ እሳቸው ብቻቸውን መጥተው የሰመጠውን ይሞላሉ። ማንም አያመሰግናቸውም፤ የሚያያቸውም የለም።

በዚያ ኮረብታ ላይ ድንጋይ ያለው መቃብር ጥቂት ነበር። የሚበዛው የአፈር ጉብታ ሆኖ ራስጌው ላይ እሬት የተተከለበት ነው። በኦሮምኛ ሃርጊሳ ይሉታል። አንዱ ጋ ሦስት ግንድ፣ ሌላው ጋ አንድ፤ የአንዱ ቅጠል ነጠብጣብ ያለው፣ የሌላው ጥርሳም። ለእኔ አረም ነበር። ኦቦ ጃለታ በመካከሉ ሲያልፉ “ይህ የዲንቄ አባት ነው፣ ያችኛዋ በወሊድ የሞተችው ናት” እያሉ ያልፋሉ። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም። በልጅነቴ ያየሁትን ዲያቆን ሁሉ “ይሄ ምን ይባላል?” ስል የነበርኩት ሰው፣ መጠየቅ ያቆምኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም። ፊደል ካወቅሁ በኋላ መሆኑን ብቻ አውቃለሁ።

አንድ ክረምት ኦቦ ጃለታ ታመው ኑኑ ቁምባ ልጃቸው ቤት ተኙ። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ትልቅ ሹም ይመጣል ተባለ። ባላምባራስ ጠሩኝ።

“አያሌው፣ ያ ኮረብታ ጫካ መስሏል። አጽዳው።”

“ሹሙ ሲያዩት ይገረማሉ” አልኳቸው።

እሳቸው አጽዳ አሉ እንጂ ንቀል አላሉም። ይህን ለፍትሕ ስል እጽፋለሁ። አምስት የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ፣ እኔው መሥመር ይዤ፣ እሬቱን ከነሥሩ በዶማ አስነቀልኩ። ጉብታውን ከመሬቱ እኩል አስተካከልኩ። የተነቀለውን ገደል አስጣልኩ፣ ክረምቱም ጠርጎ ወሰደው። ሹሙ ሳይመጡ ቀሩ። ባላምባራስ ግን መጥተው አዩና “እንደ ጠረጴዛ አደረግኸው!” አሉ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ቀብር ሆነ። በእኛ አገር ለቀስተኛ የሰው ቀብር ሲጨርስ ወደየራሱ ሟች ይዞራል፤ ሴቶቹ በየመቃብራቸው ተቀምጠው ትንሽ ያለቅሳሉ። ያን ቀንም ከአዲሱ መቃብር ተነሥተው ተበተኑ። ከዚያ ቆሙ። አንዷ ወደ ላይ ሄደች፣ ተመለሰች። ሌላዋ አሥር እርምጃ ሄዳ መሬቱን አየች። አርባ የሚሆኑ ሴቶች በዚያ በተስተካከለ ሜዳ ላይ ነጠላቸውን እንደያዙ ሲዞሩ፣ አንድም ሰው አላለቀሰም። የት ተቀምጠው ያልቅሱ? በሕይወቴ ብዙ ጩኸት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ የመታኝ የለም።

ከሁሉም መካከል ወደ እኔ የመጡት አዴ ጫልቱ ነበሩ፤ አዴ ወይዘሮ ማለት ነው። ገበያ ውስጥ ጨው የሚቸረችሩ፣ ልጆቻቸው ቀድመዋቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ባላቸው ኦቦ ፉፋ የቡና በቅሎ ነጂ ነበሩ።

“አያሌው፣ ፉፋን የት አደረግኸው?” አሉኝ።

“እዚሁ ነው ያሉት አዴ፤ ማን ይወስዳቸዋል?”

“እዚሁ የቱ ጋ? ጎኑን ለእኔ ትቼ ነበር እኮ። ስሞት ከእሱ ጎን ነው የምተኛው። ከዚህ ሌላ ለማንም የምለምነው የለኝም።”

ዙሪያውን አየሁ፤ የቱ ጋ ብዬ ልጠቁም?

ኦቦ ጃለታ ከኑኑ ቁምባ ሲመለሱ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ሸፍኖት ነበር። ሰው እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ጫማቸውን አውልቀው በረድፉ መካከል ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳበሱ። እሬት መኖር ያለበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሆነባቸው።

“ማል ጎቴ፣ ያ ኢልማኮ?” አሉኝ፤ ምን አደረግህ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ እሬቱ ምን እንደነበር ነገሩኝ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከራሱ ቤት አጥር ቆርጦ አምጥቶ የተከለው ነው። ነጠብጣባሙ የአንዱ ቤት፣ ጥርሳሙ የሌላው ቤት። የግንዱ ብዛት፣ የተተከለበት ወገን፣ ሁሉም ለባለቤቱ ይታወቃል። “የአንተን ድንጋይ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ሰው ነው” አሉኝ። “ይህን ግን ሁሉም ያነበው ነበር።”

እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን “ነገ ማለዳ ና፤ እንዞራለን” ብቻ አሉኝ።

ዞርን። እጃቸውን ይዤ ቤት ለቤት። ሰላምታውን እሳቸው ይጀምራሉ፦ አካም ቡልተኒ፣ ነጋ። ከዚያ ንግግሩን ለእኔ ይተዉታል። እኔም በኦሮምኛ “የአባታችሁን መቃብር ምልክት ያጠፋሁት እኔ ነኝ” ማለት ነበረብኝ። የመጀመሪያው ቤት ላይ ምላሴ ታሰረ፤ አሥረኛው ላይ ለመደ፤ ሠላሳኛው ላይ ደግሞ መልሶ ከበደ። አንዳንዱ ገበታ አቀረበልን። አንዱ ደጁን ዘጋብን። አንዱ ጎልማሳ ከላይ እስከ ታች አየኝና፦

“አንተ ነህ ባለ ፊደሉ? እስቲ ሂድና አሁን አንብበው!” አለኝ።

ኦቦ ጃለታ ሳቁ። “ሊማር ነው የመጣው፤ አታባርረው” አሉት።

በዚህ ሁኔታ መስከረም አልቆ ጥቅምት ገባ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአጥሩ እሬት ቆርጦ መጣ። “የእኛ ከእነ እንትና በላይ፣ ከእነ እንትና በስተግራ” እየተባባሉ ረድፉን ሰዎቹ ራሳቸው መለሱት። እኔ በትልቅ ወረቀት ላይ ኮረብታውን ሥዬ፣ እያንዳንዱን መቃብር ቁጥርና ስም ሰጥቼ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ካርታ ከእኔ በፊት በወለጋ የሠራ ሰው አልሰማሁም።

በመጨረሻ ከላይኛው ረድፍ አራት መቃብር ብቻ ያለ ምልክት ቀረ። ሦስቱ ወገን የሌላቸው እንግዶች ናቸው። አራተኛው ኦቦ ፉፋ። ጎረቤት የሚሆናቸው ቤተሰብ ስለሌለ በስተግራ በስተቀኝ የሚል አልተገኘም። ኦቦ ጃለታ ቦታውን የሚያውቁት በእሬቱ ነበር፤ ከአራቱ የቱ እንደሆነ እሳቸውም ጠፋባቸው። አዴ ጫልቱ አንዲት የእሬት ግንድ ታቅፈው መጥተው ቆሙ። የሚተክሉበት አጡ።

እኔ ያልሞከርኩት የለም። አንጥረኛ ዘንድ ሄጄ የአንድ ሰው ቁመት ያለው ቀጭን ብረት አሠራሁ። ብረቱን መሬት ውስጥ ሰድጄ ሳወጣው ጫፉ ላይ በሚይዘው አፈር የተቆፈረው ካልተቆፈረው ይለያል፤ የተቆፈረ ቦታ ቀዩና ቢጫው ተደባልቆ ይወጣል። የመቃብሮቹን ዕድሜና መጠን ካወቅሁ የቱ የኦቦ ፉፋ እንደሆነ አገኛለሁ ብዬ ነበር። በአራቱም ላይ ብረቱ የሚያወጣው መጀመሪያ ንጹሕ ቀይ፣ ከዚያ ንጹሕ ቢጫ ሆነ። ሰው ነክቶት የማያውቅ መሬት ይመስል ነበር። አራቱንም የቆፈሩት ኦቦ ጃለታ ናቸው። አፈሩን እንደ ነበረ ስለመለሱት የሚነበብ ነገር አልተዉልኝም። በሰው ሥራ ቀንቼ የማላውቅ እኔ፣ ያን ቀን ብረቱን እንደያዝኩ ቀናሁ፤ አፈርኩም።

አንድ መንገድ ቀረኝ። ኦቦ ፉፋ በቅሎ ጥላቸው ግራ እግራቸው ተሰብሮ፣ ጠማማ ሆኖ ነበር የገጠመው። አዴ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። ኦቦ ጃለታም እዚያው ተቀምጠው ነበር።

“አዴ፣ አራቱን ከእግራቸው በኩል ልክፈት። አጥንቱን ሳየው አውቀዋለሁ። ማንም ሳያውቅ እንደ ነበረ እመልሰዋለሁ። እችላለሁ።”

ኦቦ ጃለታ ራሳቸውን ወደ እኔ አዞሩ። አሮጊቷ ግን ጨው መስፈሪያቸውን አስቀመጡ።

“መቻሉን ትችላለህ። አንድ ሰው ለማግኘት የአራት ሰው ቤት ልትሰብር ነው?”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“ሙታን ሲነሡ ፊታቸው ወዴት ነው የሚሆነው?”

“ወደ ምሥራቅ። ራስጌያቸው በምዕራብ ነው።”

“እንግዲያው በአራቱ እግር ሥር፣ መካከል ላይ ቅበረኝ። ፉፋ የትኛውም ይሁን፣ ያን ቀን ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው።” ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። “አቤት ዋቃ፣ አንድ ባል ማስተዳደር ከብዶኝ ነበር፤ አያሌው አራት ሊሰጠኝ!”

ኦቦ ጃለታ ድምፅ አውጥተው ሳቁ። “ሦስቱን ዞር በሉ ትያቸዋለሽ” አሏቸው።

እኔ አልሳቅሁም። መሳቅ አልቻልኩም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የአራቱ እግር ሥር የሬሳ መግቢያ መንገድ ነው። ባላምባራስ “እንዴት ተደርጎ? መንገዱ ይጠባል፣ ረድፉ ይበላሻል፤ ከዳር ይቀበሩ” አሉ። ማኅበሩም አብሯቸው ነበር። ሦስት ስብሰባ ተደረገ። አዴ ጫልቱ በዚያ መካከል አልጋ ያዙ። በየገበያው ቀን የሚጠይቃቸው ሁሉ “መንገዱ ተፈቀደልኝ ወይ?” የሚለውን ብቻ ነበር የሚሰማው።

በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ተነሣሁ።

“ባላምባራስ፣ ረድፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እንደ ጠረጴዛ አድርጌ ያሳየሁዎት እኔ ነኝ። መንገዱን ዞሮ እንዲያልፍ በራሴ ጉልበት ድንጋይ እደረድራለሁ። ይህ ካልሆነ ሌላ ጠራቢ ይፈልጉ።”

“ታስፈራራኛለህ?”

“እለምንዎታለሁ። ልመና ስለማላውቅበት ነው እንደ ማስፈራራት የሚመስለው።”

ባላምባራስ መዝገባቸውን ዘጉ። ከዚያ “ድንጋዩን ግን ከነገ ጀምረህ ደርድር” አሉ። በማግሥቱ ጀመርኩ። ለአዴ ጫልቱ ሄጄ ነገርኳቸው። የመቃብር ድንጋይም እንደምጽፍላቸው፣ ስማቸውን ከጉቴ ባመጣሁት ጥሩ ድንጋይ ላይ እንደማወጣው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

“እኔ አላነብ፣ ፉፋ አያነብ። ለማን ነው? ከአጥሬ እሬት ቁረጥልኝ።”

በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ሰሞን ዐረፉ። ሌላ ቆፋሪ አላስነካሁም። ጫማዬን አውልቄ ቦታው ላይ ተቀመጥኩ። ሣሩን ከነሥሩ አነሣሁ። ቀዩን በቀኝ፣ ቢጫውን በግራ ከመርኩ። ኦቦ ጃለታ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጠው ከየክምሩ አፈር እየዘገኑ በጣታቸው ይፈትጉ ነበር። አንዴ ብቻ “ይህ የታች ነው፤ ከላዩ ገብቷል” ብለው አንዲት እፍኝ መለሱልኝ። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ አፈሩን በመዳፋቸው ዳብሰው “ጋሪዳ” አሉ። ጥሩ ነው ማለት ነው። ከባላምባራስም ሆነ ከሌላ ሰው ብዙ ሙገሳ ሰምቻለሁ፤ ያን አንድ ቃል ግን በሌላ አልለውጠውም።

ሐምሌ ላይ መቃብሩ ሰመጠ። ብቻዬን ሄጄ ሞላሁት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሠራሁ። ልጆቼ ካነበቡት ይበቃል ብዬ፣ የሠራሁትን ሁሉ ከዚህ በታች አስቀምጣለሁ፦

ከማንም ሳልማር ፊደል አውቄያለሁ፤ በወለጋ ድንጋይ ላይም በትክክል ጽፌያለሁ።

“ጠ”ን ያለ ስብራት የማውጣት ዘዴ አግኝቻለሁ። ለሦስት ሰዎች አስተምሬዋለሁ፤ ሁለቱ ተጠቅመውበታል፣ አንዱ ሰነፍ ነበር።

በዲጋ፣ በጉቴና በኑኑ ቁምባ ብዙ መቃብር ጽፌያለሁ።

የነቀምትን ኮረብታ መቃብር በካርታ አስፍሬያለሁ። እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ያው ካርታ ነው።

የነቀልኩትን እሬት፣ ከአራት መቃብር በቀር፣ ከየባለቤቱ ጋር ሆኜ መልሼ ተክያለሁ።

ለቀብር የሚያልፈው መንገድ ዞሮ እንዲሄድ በእጄ ድንጋይ ደርድሬያለሁ።

ኦቦ ጃለታን እሳቸው እንዳስተማሩኝ አድርጌ ቀብሬያለሁ፤ አፈራቸው በብረት ቢፈተን ንጹሕ ቀይ፣ ከዚያ ንጹሕ ቢጫ ነው የሚወጣው።

የኦቦ ፉፋን መቃብር አላገኘሁም።

አዴ ጫልቱን በአራቱ እግር ሥር እንደ ቃላቸው ቀብሬያለሁ። ከአጥራቸው የቆረጥኩትን እሬት ራስጌያቸው ላይ ተክያለሁ፤ ስማቸውን አልጻፍኩም። የማን መቃብር እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ቤቴ ከኮረብታው ሥር ነው፤ ወጥቼ አሳየዋለሁ።